የሽንኩርት ትሪፕስና ሌሎች መጣጭ ተባዮች፦ የኬሚካል ርጭት ውጤት የሚያመጣው መቼና እንዴት ነው?

በሰሜን ወሎ ዞን ሐብሩ ወረዳ፣ ወልድያን ከመርሳ በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሲሪንቃ በግብርናው ዘርፍ ስሟ የሚነሳው በአብዛኛው ከማሽላ ጋር ነው። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚተዳደረው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አካባቢዎች የሚስማሙ የሰብል ዝርያዎችን በማውጣት ይታወቃል፤ «ግራና 1» የተሰኘው የማሽላ ዝርያም ከእነዚህ አንዱ ነው። ይሁንና የመኸሩ ሰብል ተሰብስቦ መስኖ በሚጀመርበት ወቅት የአካባቢው ገጽታ ይለወጣል። ከመርሳና ከግራና ወንዞች በሚጠለፈው ውሃ፣ በቆቦ ግራና ሸለቆ ደግሞ ከከርሰ ምድር በሚወጣው ውሃ ጭምር ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ይለማሉ። ለብዙ ቤተሰቦች የዓመቱ ጥሬ ገንዘብ የሚገኘው ከዚሁ የበጋ ማሳ ነው።

በዚሁ ወቅት ከመስኖ ተጠቃሚዎች ለግብርና ባለሙያዎች ተደጋግሞ የሚቀርብ አቤቱታ አለ። የሽንኩርቱ ቅጠል በብር ቀለም እንደተቀባ ይነጣል፣ ጫፉ ይደርቃል፣ ይጠማዘዛል። አርሶ አደሩ ከነጋዴ ኬሚካል ገዝቶ ይረጫል። ለጥቂት ቀናት ማሳው የተሻለው ይመስላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ተባዩ እንደገና ይታያል። በሁለተኛው ዙር ያው ኬሚካል መጠኑ ተጨምሮ ይረጫል፤ በሦስተኛው ዙር ከሌላ ኬሚካል ጋር ተደባልቆ ይረጫል። በመጨረሻ የሚሰማው ድምዳሜ «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚል ነው።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ድምዳሜ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በገበያ ላይ አስመስለው የተሠሩና የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈባቸው ምርቶች አይጠፉም። በብዙ ማሳዎች ላይ ግን ችግሩ ያለው ኬሚካሉ ተባዩ ወደተደበቀበት ቦታ ባለመድረሱ፣ በልኬት ባለመዘጋጀቱ ወይም ተባዩ በተደጋጋሚ ርጭት በመላመዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከኬሚካሉ ስም በፊት የነፍሳቱን ጠባይ ማወቅ ይቀድማል።

ተባዩ የት ይኖራል?

መጣጭ ተባዮች የሚባሉት ቅጠል ቆርጠው ከሚበሉት ትሎች በተለየ ሁኔታ የተክሉን ፈሳሽ በመምጠጥ የሚመገቡ ነፍሳት ናቸው። በአትክልት ላይ በብዛት የሚታወቁት የሽንኩርት ትሪፕስ፣ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ናቸው። እንደ ትል ቅጠሉን በስተው ስለማያልፉ ጉዳታቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይታይም፤ ገበሬው የቀለም ለውጥ ሲያይ ተባዩ በማሳው ውስጥ ቀደም ብሎ ተራብቷል።

የሽንኩርት ትሪፕስ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በጥቂቱ የሚበልጥ፣ ከቢጫ እስከ ቡናማ ቀለም ያለው ነፍሳት ነው። አፉ የቅጠሉን ቆዳ ፍቆ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚመጥ በመሆኑ ባዶ የቀሩት ሴሎች በአየር ይሞላሉ፤ ቅጠሉ ላይ የሚታየው የብር ቀለም የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። የተፋቀው ቦታ ቁስል ስለሆነ ፐርፕል ብሎች ለሚባለው የሻጋታ በሽታ በር ይከፍታል። ቅጠሉ የተጎዳ ሽንኩርት ኮረቱ ያንሳል፤ ትልቁ የምርት ቅነሳ የሚደርሰውም ኮረት መያዝ በሚጀምርበት ወቅት ጥቃቱ ሲበረታ ነው።

ከርጭት ጋር በቀጥታ የሚያያዙ ሦስት ጠባዮች አሉት። የመጀመሪያው መኖሪያው ነው፤ ጎልማሳውም ሆነ ዕጩ በብዛት የሚገኙት አዳዲሶቹ ቅጠሎች እርስ በርስ በተጣበቁበት የተክሉ አንገት ውስጥ ነው። ከላይ በኩል የተረጨ ጠብታ ደግሞ በሰም በተሸፈነው ቅጠል ላይ ተንሸራቶ ወደ መሬት ይወርዳል። ሁለተኛ፣ እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ቀብራ ነው፤ ከዚያም ዕጩ ተመግቦ ካበቃ በኋላ ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ በአብዛኛው አፈር ውስጥ ያርፋል። ስለሆነም በርጭቱ ቀን ኬሚካሉ የማያገኘው እንቁላልና አፈር ውስጥ ያለ ተባይ ምንጊዜም ይኖራል። ከሳምንት በኋላ «ተመልሶ መጣ» የሚባለው በብዛት ይኸው የተረፈው ነው። ሦስተኛው ጠባይ የመራባት ፍጥነቱ ነው። እንስቷ ያለ ወንድ መራባት ትችላለች፤ በሞቃትና ደረቅ ወቅት ደግሞ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ያለውን ዕድገት በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ታጠናቅቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ሲሪንቃ ወደ ግራናና ወደ ቆቦ ዝቅ ባለ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚጨምር የመራባቱ ፍጥነትም ይጨምራል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ርጭት ማሳን አያጸዳም፤ ርጭቱ ካስፈለገ ሁለተኛው ዙር እንቁላሎቹ ተፈልፍለው ዕጮቹ ገና ጎልማሳ ሳይሆኑ፣ የምርቱ ገላጭ ጽሑፍ በሚፈቅደው የቀናት ልዩነት መከናወን አለበት።

ከመርጨት በፊት መቁጠር

በቀን መቁጠሪያ መርጨት፣ ማለትም ተባይ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ ኬሚካል መርጨት፣ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ የተባዩን የተፈጥሮ ጠላቶች ያጠፋል። የተሻለው መንገድ ማሳውን በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተዘዋወሩ መፈተሽ ነው። በማሳው ውስጥ በዚግዛግ በመጓዝ ከተለያየ ቦታ ሃያ ያህል ተክሎችን መርጦ አንገታቸውን በጣት ከፈት በማድረግ በውስጥ ያሉትን ትሪፕሶች መቁጠር ይቻላል። ዳር ዳሩን ብቻ መመልከት ያሳስታል፤ ትሪፕስ በነፋስ ስለሚጓዝ ከአሮጌ የሽንኩርት ማሳ ጋር የሚዋሰነው ጠርዝ ከመሐሉ ቀድሞ ይጠቃል።

በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራባቸው የኤክስቴንሽን መመሪያዎች በአማካይ በአንድ ቅጠል ከ1 እስከ 3 ትሪፕስ ሲገኝ ርጭት እንዲጀመር ይመክራሉ። አምስት ቅጠል ባለው ተክል ላይ ይህ ከ5 እስከ 15 ትሪፕስ ማለት ነው። ችግኙ ገና ትንሽ ከሆነ ወይም ኮረት መያዝ ከጀመረ ዝቅተኛውን ቁጥር መያዝ ይሻላል፤ ለመሰብሰብ ሁለት ሳምንት የቀረው ማሳ ግን ቁጥሩ ከፍ ቢል እንኳ ርጭቱ ወጪውን ላይመልስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ኮረቱ መጠኑን ይዟል፤ በምርቱ ላይ የሚቀረው የኬሚካል ቅሪት ግን አዲስ ችግር ይሆናል።

ቁጥሩ ከደረጃው በታች ሲሆን ያለ ኬሚካል የሚሠሩ ሥራዎች ጊዜ ይገዛሉ። ከአሮጌ ማሳ አጠገብ አዲስ ችግኝ አለመትከል፣ ከምርት የተረፈውን የሽንኩርት ቅጠልና አረም ማስወገድ፣ ማሳው ውሃ እንዳይጠማ በወቅቱ ማጠጣት፣ ዩሪያን ከሚመከረው በላይ አለመጨመር ከእነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ገለባ ጉዝጓዝ የተደረገበት ማሳ ላይ የትሪፕስ ቁጥር እንደሚቀንስ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ከላይ የሚዘንብ ዝናብም ብዙ ትሪፕስ ያጥባል፤ በበልግ ጥሩ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሳይቆጥሩ ለርጭት መነሳት በዚህ ምክንያት አይመከርም።

በቆላማው የአካባቢው ክፍል ኒም የሚገኝ ከሆነ የፍሬውን ውስጠኛ ክፍል አድቅቆ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ሒሳብ መዘፍዘፍ፣ አሳድሮ በጨርቅ ማጥለልና ጥቂት ሳሙና ጨምሮ በምሽት መርጨት የቆየና የታወቀ ዘዴ ነው። ኒም ተባዩን ወዲያው አይገድልም፤ አመጋገቡንና ዕድገቱን ያውካል። ስለዚህ ጠቃሚነቱ ጥቃቱ ገና ሲጀምር ነው፤ ማሳው ከነጣ በኋላ ከኒም ተአምር መጠበቅ አይገባም።

የትኛው ኬሚካል? ስሙ ወይስ ቡድኑ?

በመደብር መደርደሪያ ላይ አምስት የተለያየ የንግድ ስም ያላቸው ጠርሙሶች ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ሦስቱ ግን በውስጣቸው አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። «ያኛው ስላልሠራ ይኼን ቀየርኩ» የሚለው አርሶ አደር የቀየረው ጠርሙሱን ብቻ ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም በገላጭ ጽሑፉ ላይ ከንግድ ስሙ በታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ማንበብ ወይም ማስነበብ ያስፈልጋል።

በአትክልት መጣጭ ተባዮች ላይ የሚውሉት ፀረ-ነፍሳት በአሠራራቸው በጥቂት ቡድኖች ይከፈላሉ። ማላታይን፣ ዳይሜቶኤትና ፕሮፌኖፎስ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ቡድን ናቸው። ላምዳ-ሳይሃሎትሪንና ሳይፐርሜትሪን የፓይሬትሮይድ ቡድን ናቸው፤ በንክኪ ስለሚገድሉ ፈጣን ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን በተክሉ አንገት ውስጥ የተደበቀውን አያገኙም፣ ጠቃሚ ነፍሳትንም አብረው ይጨርሳሉ። ኢሚዳክሎፕሪድ የኒዮኒኮቲኖይድ ቡድን ሲሆን በተክሉ ውስጥ በፈሳሹ ይሰራጫል፤ በክሽክሽና በነጭ ዝንብ ላይ ጠንካራ ነው። ስፒኖሳድ ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኝ ሲሆን በትሪፕስ ላይ በጥሩ ውጤቱ ይታወቃል፤ ክሽክሽን ግን አይቆጣጠርም። አንድ ኬሚካል «ለሁሉም ተባይ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሲያጋጥም መጠራጠር የሚገባውም ለዚህ ነው።

በአንድ ቡድን ተደጋግሞ በተረጨ ማሳ ላይ በተፈጥሮው ኬሚካሉን የሚቋቋመው ጥቂቱ ተባይ ይተርፋል፤ የሚራባውም እርሱ ነው። ከጥቂት ትውልዶች በኋላ ማሳው በማይሞቱ ተባዮች ይሞላል። ይህ በሰሜን አሜሪካ በግልጽ ታይቷል፤ በካናዳ ኦንታሪዮና በአሜሪካ ኒውዮርክ የሽንኩርት አምራቾች ለዓመታት ሲመኩበት የነበረው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን የሽንኩርት ትሪፕስ ስለተላመደው በብዙ ማሳዎች ላይ ውጤቱን አጥቷል። በዚያ የተከሰተው በሰሜን ወሎ የማይከሰትበት ምክንያት የለም፤ የትሪፕሱ ዓይነት አንድ ነው፣ የአንድ ወቅት የርጭት ብዛትም ትንሽ አይደለም።

መፍትሔው ቡድን ማፈራረቅ ነው። አንድ ቡድን በተከታታይ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ከተረጨ በኋላ ለቀጣዩ የተባይ ትውልድ፣ ማለትም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ወደ ሌላ ቡድን መሻገር ይገባል። በአንድ መስኖ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች በዚህ ቢስማሙ ውጤቱ የበለጠ ይሆናል፤ ትሪፕስ የማሳ ድንበር አያከብርምና። ሁለት ወይም ሦስት ፀረ-ነፍሳትን በአንድ ታንክ ቀላቅሎ መርጨት ግን የማፈራረቅ ተቃራኒ ነው። ተባዩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲለማመድ ያደርጋል፣ ተክሉንም ሊያቃጥል ይችላል፤ ለረጪውም አደጋው ይጨምራል።

ልኬት፦ በቆርኪ ወይስ በሒሳብ?

በብዙ ማሳዎች ላይ ኬሚካል የሚለካው በጠርሙሱ ክዳን ወይም በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ነው። ክዳኖች መጠናቸው ይለያያል፤ የአንዱ ገበሬ «ሁለት ክዳን» የሌላው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛውን መጠን ለማግኘት የሚያስፈልገው የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው መለኪያ ብልቃጥና አንድ ቀላል ሙከራ ነው።

በመጀመሪያ በማሳው ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ይለካል። መርጫው ላይ ንጹሕ ውሃ በልኬት ይሞላና በተለመደው የእርምጃ ፍጥነት ያ ቦታ ይረጫል። ከዚያም የቀረው ውሃ ተለክቶ የወጣው መጠን ይታወቃል። ለምሳሌ 4 ሊትር ከወጣ፣ ቦታው 100 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ሔክታር 400 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል ማለት ነው። የምርቱ ገላጭ ጽሑፍ «ለሔክታር 500 ሚሊ ሊትር» የሚል ከሆነ፣ 16 ሊትር የሚይዝ የጀርባ መርጫ በሞላ ቁጥር የሚጨመረው 500 በ16 ተባዝቶ ለ400 ሲካፈል የሚገኘው 20 ሚሊ ሊትር ነው። ማሳው አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሔክታር ከሆነ ደግሞ 100 ሊትር ውሃና በአጠቃላይ 125 ሚሊ ሊትር ኬሚካል ይበቃል። ይህ ሒሳብ ምሳሌ ነው፤ ትክክለኛው መጠን ምንጊዜም በተገዛው ምርት ላይ የተጻፈው ነው። ሙከራውን በየወቅቱ አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም የሚረጨው ሰው ወይም የመርጫው አፍንጫ በተቀየረ ቁጥር መድገም ያስፈልጋል።

ከመጠን በታች መርጨት ተባዩን ያለማምደዋል፤ ከመጠን በላይ መርጨት ገንዘብ፣ ጤናና ገበያ ያሳጣል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

ለሽንኩርት ጥሩ የሚባለው የመርጫ አፍንጫ ደቃቅ ጠብታ በክብ ቅርጽ የሚያወጣው ነው። የሚያንጠባጥብ ወይም ቀዳዳው የሰፋ አፍንጫ መቀየር አለበት፤ ዋጋው ከአንድ ዙር ኬሚካል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጠብታው በሰም በተሸፈነው ቅጠል ላይ ተዘርግቶ እንዲጣበቅ የሚያግዝ ማጣበቂያ በገላጭ ጽሑፉ ከተፈቀደ መጨመር፣ ርጭቱንም ወደ ተክሉ አንገት አቅጣጫ ማድረግ ውጤቱን በግልጽ ይለውጠዋል። ጊዜው ማለዳ ወይም አመሻሽ፣ ነፋሱ የረጋበት መሆን ይኖርበታል።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን

በቲማቲም ላይ አሳሳቢው መጣጭ ተባይ ነጭ ዝንብ ነው። ተክሉ ሲነቀነቅ ከቅጠሉ ሥር ብር ብለው የሚወጡ ጥቃቅን ነጭ ነፍሳት ከታዩ ነጭ ዝንብ አለ ማለት ነው። ዋናው አደጋ ፈሳሹን መምጠጡ ሳይሆን ቅጠል አቆርፋጅ ቢጫ ቫይረስን ከተክል ወደ ተክል ማዛመቱ ነው። ቫይረስ የያዘውን ተክል የሚያድን ኬሚካል የለም። ስለዚህ ጥረቱ በችግኝ ጣቢያ ላይ ማተኮር አለበት፤ መደቡን ቀዳዳው በጣም ደቃቅ በሆነ መረብ መሸፈን፣ ምልክት የታየበትን ችግኝ ነቅሎ ማስወገድና ቢጫ ተጣባቂ ወጥመድ መስቀል ይረዳል። ርጭት ካስፈለገም ኬሚካሉ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ መንካት አለበት፤ ዕጮቹ የሚገኙት በዚያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማደናገሪያ ማንሳት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ መኖሩ የተረጋገጠው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ መጣጭ አይደለም፤ ቅጠሉንና ፍሬውን ቦርቡሮ የሚበላ ትል ነው። ቅጠሉ ላይ ደረቅ ዋሻ መሰል ቦታ እያለ ለነጭ ዝንብ የተገዛውን ኬሚካል መርጨት ብክነት ነው።

ቃሪያና በርበሬን የሚያጠቁት አንዳንድ ቫይረሶች በክሽክሽ የሚተላለፉ ሲሆኑ፣ ለመተላለፍ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ሰከንዶች ብቻ ነው። ክንፍ ያለው ክሽክሽ በተረጨ ቅጠል ላይ አርፎ ከመሞቱ በፊት ቫይረሱን አስተላልፎ ያበቃል። ርጭት ይህን ዓይነቱን በሽታ እንደማይገታ ማወቅ ብዙ ወጪ ይቆጥባል፤ ጤናማ ችግኝና የአረም ቁጥጥር የተሻለ ይሠራሉ። የጎመን ክሽክሽ በተቃራኒው በትንሽ ጥረት የሚያዝ ነው፤ ጥቂት የተጠቁ ቅጠሎችን ቆርጦ ማስወገድና በሳሙና ውሃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቀይ ባለጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች በጎመኑ ላይ ከታዩ ክሽክሽ በል በመሆናቸው ርጭቱን ማቆየት ይመከራል።

የሚረጨው ሰው፣ ንቦችና ሸማቹ

በገጠሩ አጠራር ፀረ-ተባይ ኬሚካል «መድኃኒት» ይባላል። ቃሉ የለመደ ቢሆንም አሳሳች ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው መርዝ ነው። በማሸጊያው ግርጌ የሚገኘው ባለ ቀለም መስመር የመርዛማነቱን ደረጃ ያሳያል፤ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ጎጂ፣ ሰማያዊ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ አረንጓዴ አደጋው አነስተኛ የሆነ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል አርሶ አደርም ይህን ቀለም አይቶ መወሰን ይችላል። ለአትክልት ቀይ መስመር ያለበትን ምርት አለመግዛት አስተማማኝ አካሄድ ነው።

ረጪው ረጅም እጅጌና ሱሪ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ መነጽርና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሊኖረው ይገባል። ኬሚካል በብዛት ወደ ሰውነት የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ ከጀርባ መርጫው እያንጠባጠበ ሸሚዝ ማራስ ቀላል ነገር አይደለም። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች እንዲሁም ልጆች በርጭትም በድብልቅ ሥራም መሳተፍ የለባቸውም። የተዘጋ አፍንጫን በአፍ መንፋት፣ ሲረጩ መብላት ወይም ጫት መቃም ሕይወት ያስከፍላል። ከርጭት በኋላ ማላብ፣ የምራቅ መብዛት፣ የዓይን ብዥታ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ የለበሰውን ልብስ አውልቆ ገላውን በውሃና በሳሙና ማጠብና የኬሚካሉን ማሸጊያ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ወተት ማጠጣት ወይም በግድ ማስመለስ መፍትሔ አይደለም። ማሸጊያው አብሮ መወሰዱ ወሳኝ ነው፤ ሐኪሙ የሚሰጠው ሕክምና እንደ ንጥረ ነገሩ ይለያያል።

በሐብሩና በአጎራባች ወረዳዎች ንብ ማነብም የገቢ ምንጭ ነው። በተለይ ኢሚዳክሎፕሪድና መሰሎቹ ለንብ እጅግ አደገኛ በመሆናቸው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሚዳክሎፕሪድን ጨምሮ ሦስት የኒዮኒኮቲኖይድ ኬሚካሎች በክፍት ማሳ ላይ እንዳይውሉ ከልክሏል። የሽንኩርት ዘር የሚያባዙ አርሶ አደሮች ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ትኩረት መስጠት አለባቸው፤ የሽንኩርት አበባ ዘር የሚይዘው በንብና በሌሎች ነፍሳት ሲዳቀል ነው። አበባ ላይ ያለን ማሳ መርጨት የጎረቤትን ቀፎ ከመግደሉም በላይ የራስን ዘር ያሳጣል። አበባ ከመያዙ በፊት ተባዩን መቆጣጠር፣ ግዴታ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፎ ከተመለሱ በኋላ አመሻሽ ላይ መርጨትና ንብ አናቢዎችን ቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

በምርቱ ገላጭ ጽሑፍ ላይ ከመጨረሻው ርጭት እስከ መሰብሰብ መቆየት ያለበት የቀናት ብዛት ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር እንደ ኬሚካሉ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ይደርሳል። በሽንኩርት በአብዛኛው ማክበር ቀላል ነው፤ በቲማቲም ግን በየሦስትና በየአራት ቀኑ ስለሚለቀም ፈተናው ይበረታል። ዛሬ ተረጭቶ ነገ ወደ መርሳ ወይም ወልድያ ገበያ የሚወጣ ቲማቲም መርዙን ይዞ ወደ ሰው ማዕድ ይደርሳል። ቲማቲም መለቀም ከጀመረ በኋላ ርጭት ካስፈለገ የመቆያ ጊዜው አጭር የሆነውን ምርት መምረጥ፣ የበሰለውን ቀድሞ ለቅሞ መርጨትና ቀኑን መዝግቦ መጠበቅ ይቻላል።

ሕጉና የሚገኙ አገልግሎቶች

በኢትዮጵያ የፀረ-ተባይን ጉዳይ ለመምራት የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ወደ አገር ማስገባትም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው። ምዝገባውን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ምዝገባ የሚሰጠው ለተወሰነ ሰብልና ለተወሰነ ተባይ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ለጥጥ፣ ለአበባ ወይም ለጎተራ ተባይ የተመዘገበ ኬሚካል ለሽንኩርት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። እንደ ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን ያሉ በስቶክሆልም ስምምነት የተገደቡ ኬሚካሎች በአትክልት ላይ ሊውሉ አይገባም።

ገዢው ምርቱ የታሸገ መሆኑን፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መኖሩን፣ የመጠቀሚያ መመሪያው አለመቀደዱን ማረጋገጥና ደረሰኝ መጠየቅ መብቱ ነው። በለስላሳ ጠርሙስ ተቀንሶ ወይም በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ኬሚካል በምንም ሁኔታ መግዛት አይገባም፤ ምን እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም፤ በቤት ውስጥም ልጆች ለመጠጥ ሊያነሡት ይችላሉ። አስመስሎ የተሠራ ወይም ጊዜው ያለፈበት ምርት ያጋጠመው ሰው ጠርሙሱንና ደረሰኙን ይዞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።

ተባዩን ለመለየት የሚፈልግ አርሶ አደር በቅድሚያ የሚያገኘው የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ጥያቄ ወደ ወረዳው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፣ ቀጥሎም ወደ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይቀርባል። ናሙና ሲወሰድ የተጠቃውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ በዚያው ዕለት ማድረስ ይገባል፤ በላስቲክ የታሸገ ናሙና ሙቀት ስለሚያበሰብሰው ለምርመራ አይሆንም። የተረጨው ኬሚካል ማሸጊያ ወይም ፎቶግራፍ፣ የተረጨበት ቀን፣ መጠንና የርጭት ብዛት በአንድ ወረቀት ተጽፎ አብሮ ከቀረበ ባለሙያው የተባዩን መላመድ ከልኬት ስሕተት ለመለየት ይችላል። በስልክ ምክር ለማግኘት ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካኝነት የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የመረጃ መስመር በአማርኛም አገልግሎት እንዲሰጥ የተዘጋጀ ነው።

ባዶ የኬሚካል ዕቃ ሦስት ጊዜ በውሃ ተለቅልቆ እጥበቱ ወደ መርጫው ይገለበጣል፤ ከዚያም ዕቃው ተበስቶ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ይደረጋል። በመርሳም ሆነ በግራና ወንዝ ዳር ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ መጣልና ማጠብ የተከለከለ ነው፤ ከታች ያለው መንደር የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።